ፊልሙ የቆረጣቸው ዓመታት፦ መምህር ሃይሜ ኤስካላንቴን ስናስታውስ



በአገራችን መምህር ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩ ቀብሩ ላይ ይነበባል። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ በየትኞቹ አውራጃዎች እንዳስተማረ፣ ስንት ልጆች እንዳፈራ ይነገራል። መጨረሻ ላይ «በሥራው ታታሪ፣ ለቤተሰቡ አሳቢ፣ ለሰው ደግ ነበር» ይባልና አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። እኔም እንዲህ ያለ ጽሑፍ አዘጋጅ ተብዬ ስለማውቅ ወጉን አልነቅፍም። የሚከነክነኝ ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የጨበጠ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ነው። ታታሪ ነበር ካልን ስንት ሰዓት ይገባ ነበር? ማን አገዘው? ማንስ አላሠራ አለው? እሱ ትምህርት ቤት ሲያመሽ የራሱን ልጆች ማን አስጠናቸው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተመዘገበላቸው አንድ መምህር ይዤ መጥቻለሁ። ሃይሜ ኤስካላንቴ ይባላሉ። ቦሊቪያዊ ናቸው፤ ስማቸው የገነነው ግን በሎስ አንጀለስ ነው። በ1988 የተሠራውን «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» የተባለውን ፊልም ያያችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ስለ ፊልሙ ጥቂት፣ ፊልሙ ስለቆረጣቸው ዓመታት ብዙ እናገራለሁ። ዓመቶቹንና ወራቱን፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ኤስካላንቴ በ1930 በታኅሣሥ ወር የመጨረሻ ቀን ላ ፓስ ከተማ ተወለዱ። ላ ፓስ ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ አዲስ አበባን ቁልቁል የምታይ ከተማ ናት። እናትና አባታቸው ሁለቱም መምህራን ነበሩ፤ የሚያስተምሩትም በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ፣ አይማራ የሚባለው ሕዝብ በሚኖርበት ገጠር ነበር። ልጁም በወላጆቹ ሙያ ገባ፤ በላ ፓስ ፊዚክስና ሒሳብ እያስተማረ ስም ያተረፈ መምህር ሆነ። በ1954 በመምህራን ማሠልጠኛ ያወቋቸውን ፋቢዮላ ታፒያን አገቡ። በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

እዚህ ላይ ስለ ወይዘሮ ፋቢዮላ ማንሳት አለብኝ፤ ፊልሙ ውስጥ ድርሻቸው ትንሽ ነውና። አሜሪካ እንሂድ ያሉት እሳቸው ናቸው። ዘመዶቻቸው ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው ፓሳዴና ይኖሩ ነበር። ባልየው በአገራቸው የተከበሩ፣ ተማሪ የሚሻማባቸው መምህር ስለነበሩ መሄዱን አልወደዱትም። ቢሆንም በ1963 መጨረሻ ላይ፣ ዕድሜያቸው ወደ 33 ሲጠጋ፣ ካሊፎርኒያ ገቡ፤ ቤተሰቡም በተከታዩ ዓመት መጣ።

ካሊፎርኒያ የቦሊቪያን የመምህርነት ማስረጃ አልተቀበለችም። እንግሊዝኛውም ገና ነበር። ስለዚህ ኤስካላንቴ በአንድ ምግብ ቤት ወለል ጠራጊ ሆኑ፤ ቀጥሎ እዚያው ምግብ አብሳይ ሆኑ። ምግብ ቤቱ ከኮሌጅ ፊት ለፊት ስለነበር ከሥራ እየወጡ ይማሩ ጀመር። ከዚያ በዘመኑ ታዋቂ በነበረ የኮምፒውተር ኩባንያ በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ተቀጠሩ። ማታ ማታ ተምረው በ1973 በሒሳብ ዲግሪ ያዙ፤ ቀጥሎ የማስተማር ፈቃድ። እንደገና ክፍል ውስጥ የቆሙት በ1974 ነው። አንድ የበቃ መምህር ወደ ሙያው ለመመለስ አሥር ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

ይህን ክፍል ለእናንተ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚጠራው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ወይም በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያዎችና ታክሲዎች ውስጥ፣ አገር ቤት «ቲቸር» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ ልጆቻቸው እስኪደርሱ ብለው ጀመሩት፤ ልጆቹ ደረሱ፤ ጠመኔው ግን እንደ ራቀ ቀረ። ኤስካላንቴን ከእነሱ የሚለያቸው ጥረት አይደለም። የሚለያቸው ለመመለስ ሲሉ ደመወዛቸው እንዲቀንስ መፍቀዳቸው ነው። ኩባንያው ጥሩ ይከፍላል፤ መምህርነት ከዚያ ያነሰ ይከፍላል። ደመወዝ ሲቀንስ ደግሞ የሚቀንሰው የመምህሩ ብቻ አይደለም፤ የሚስትና የልጆችም ነው። ስለዚህ በ1974 ወደ ክፍል የተመለሱት ኤስካላንቴ ብቻቸውን አልነበሩም፤ አራት ሰዎች አብረው ከፍለዋል።

የገቡበት ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ይገኛል። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከሜክሲኮ የመጡ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በሥርዓተ አልበኝነትና በዝቅተኛ ውጤት የተነሳ እውቅናውን ሊያጣ ጫፍ ደርሶ ነበር። አዲሱ መምህር የተመደቡት ለመሠረታዊ ሒሳብ ነው። ያዩት ነገር ስላስደነገጣቸው የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ስልክ ደውለው ሥራቸውን መልሱልኝ እስከማለት ደርሰው ነበር። ሐሳባቸውን የለወጡት አልጀብራ እንማራለን የሚሉ 12 ተማሪዎች ሲያገኙ ነው። ይህን መስማት ደስ ይለኛል። እንደ ጻድቅ የሚወራላቸው መምህር እንኳ መጀመሪያ ላይ ለመሸሽ ሞክረዋል።

እንዴት ያስተምሩ እንደነበር ብዙ ተነግሯል። ክፍልፋይ ለማስተማር የአብሳይ ሽርጥ ታጥቀው፣ ትልቅ ቢላዋ ይዘው ገብተው ተማሪው ፊት ፖም ይቆርጡ ነበር። ለተማሪው ቅጽል ስም ያወጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይሳደባሉም። ዛሬ ቢሆን አንዳንዱ ስድባቸው በዲሲፕሊን ያስጠይቃቸው ነበር፤ ይህንን ጎናቸውን ለማሳመር አልሞክርም። ከትርዒቱ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የሰዓት አጠቃቀማቸው ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያስተምራሉ፣ ካበቃ በኋላ ያስተምራሉ፣ ቅዳሜም በጋም ያስተምራሉ። ከተማሪውም ከወላጁም ውል ያስፈርማሉ። የቀረ ተማሪ ካለ ቤቱ ስልክ ይደውላሉ። በዚህ የተነሳ አንድ ምክትል ርዕሰ መምህር ከሥራ እንደሚያስወጧቸው ዛቱባቸው። ክሱ ምን ነበር? በጣም በማለዳ ይገባሉ፣ በጣም አምሽተው ይወጣሉ፣ ለተማሪዎች የፈተና መክፈያ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ያሰባስባሉ የሚል ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ መምህራን ስትስቁ ሰማሁ። የሳቃችሁበት ምክንያት ይገባኛል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልግባ፤ የዛሬው ንግግሬ የቆመው እነሱ ላይ ነው።

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ተምሮ የሚፈተንበት «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የሚባል ፈተና አለ። ከ1 እስከ 5 ይታረማል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ማለፊያ ነው። ኤስካላንቴ የካልኩለስ ክፍል የከፈቱት በ1978 ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከገቡ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። በመጀመሪያው ዓመት ለፈተና የቀረቡት 5 ተማሪዎች ነበሩ፤ ያለፉት 2። በቀጣዩ ዓመት ከ9ኙ 7 አለፉ። በ1981 ከ15ቱ 14 አለፉ። በ1982 ደግሞ 18 ተቀመጡ፤ 18ቱም አለፉ።

ፊልሙ የሚያሳየን የመጨረሻዋን ዓመት ነው። ያውም መደመርና መቀነስ የሚያስቸግራቸው ልጆች ባጭር ጊዜ ካልኩለስ ሲፈቱ አድርጎ። ኤስካላንቴ ራሳቸው ፊልሙ ዘጠና በመቶ እውነት፣ አሥር በመቶ ድራማ ነው ይሉ ነበር። ችግሩ ዋናው ነገር ያለው በዚያች አሥር በመቶ ውስጥ መሆኑ ነው። ካልኩለስ ለመማር አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ ትሪጎኖሜትሪ ቀድመው መግባት አለባቸው። ኤስካላንቴ ብቻቸውን ይህን ሁሉ ሊያስተምሩ አይችሉም። ቤን ሒሜኔዝ የተባሉ የሒሳብ መምህር አብረዋቸው ሠሩ፤ ከታች ያሉትን ክፍሎች የሚያጠናክሩ ሌሎች መምህራንም ነበሩ፤ በበጋ ደግሞ የአካባቢው ኮሌጅ ተማሪዎቹን ተቀብሎ ያስተምር ነበር። በ1981 ሄንሪ ግራዲያስ ርዕሰ መምህር ሲሆኑ ነገሩ ሁሉ ተቃና። ኤስካላንቴን እንደ አስቸጋሪ ሠራተኛ ከማየት ይልቅ መንገድ ጠረጉላቸው፣ የትምህርት ቤቱን ሥርዓትም አጠበቁ። ግራዲያስ በፊልሙ ውስጥ ቦታ አላገኙም። ጥሩ ርዕሰ መምህር ለካሜራ የሚሆን ነገር የለውም፤ ሥራው ሌላው እንዲሠራ ማድረግ ነውና።

የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት አስቡት። ሁለት ተማሪ። በአንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአፈጻጸም ግምገማ ላይ «ሁለት አሳለፍኩ» ብሎ የቀረበ መምህር ምን ይባላል? ክፍሉ ይዘጋ፣ መምህሩ ወደ ሌላ ክፍለ ጊዜ ይመደብ ነበር የሚባለው። ጋርፊልድ የዳነው ያቺን ሁለት ታግሦ ስላለፈ ነው።

የ1982ቱ ውጤት ሲመጣ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ፈተናውን የሚያርመው ድርጅት የ14 ተማሪዎችን ወረቀት ተጠራጠረ። በአንድ ጥያቄ ላይ ተመሳሳይ ስሕተት ስለታየ ኩረጃ ነው ተባለ። ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተቆጣ፦ የሀብታም ሰፈር ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ይህ ጥርጣሬ ይመጣ ነበር? ኤስካላንቴም በቁጣ ተከራከሩ። በመጨረሻ ከ14ቱ ተማሪዎች 12ቱ በዚያው በጋ፣ በጥብቅ ቁጥጥር፣ እንደገና ተፈተኑ። ሁሉም አለፉ።

ፊልሙ እዚህ ያበቃል፤ ተመልካቹም አልቅሶ ይነሳል። ታሪኩ ግን አንድ ምዕራፍ ይቀረዋል። የመምህሩን ሕይወት በመጽሐፍ የጻፈው የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ጄይ ማቲውስ ነገሩን ቆይቶ ሲመረምር በዚያች ጥያቄ ላይ 9 ተማሪዎች አንድ ዓይነት ስሕተት መሥራታቸውን አረጋገጠ፤ በፈተናው ሰዓት አጤሬራ መዞሩን የነገሩትም ነበሩ። የደረሰበት ድምዳሜ፣ እነዚያ ልጆች ኮርጀዋል፤ ግን ትምህርቱን ስለሚያውቁት መኮረጅ አያስፈልጋቸውም ነበር የሚል ነው።

ይህን ሳነሳ የመምህሩን ስም ለማጉደፍ እንዳልሆነ ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ። ለእኔ ታሪኩ ከዚህ በኋላ ነው ይበልጥ የሚታመነው። ጎበዝ ተማሪ በጭንቀት ሰዓት በራሱ ላይ እምነት ሲያጣ ከራሱ የባሰ መልስ ይኮርጃል፤ ማናችንም ብንሆን ይህን ክፍል ውስጥ አይተናል። ትምህርቱን በእርግጥ ማወቁን የሚያረጋግጠው ሁለተኛው ፈተና ነው። እኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወጥቶ ሲሰረዝ፣ በቅጡ ያጠናው ልጅም ከኮራጁ ጋር አብሮ ተጠርጥሮ እንደገና ተቀመጠ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ በጥበቃ ሥር ሲፈተኑ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከ1 ሺህ በለጠ። ኩረጃን መከልከል እንዴት እንደሚቻል አውቀናል። ከክልከላው በኋላ የሚያልፍ ተማሪ ለማፍራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ግን የጋርፊልድ ቁጥሮች ናቸው የሚነግሩን፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ስምንት ዓመት።

ከ1982 በኋላ ፕሮግራሙ ሰፋ። በ1987 መሠረታዊውን የካልኩለስ ፈተና 73፣ ከፍተኛውን ደግሞ 12 የጋርፊልድ ተማሪዎች አለፉ። ይህ በመላ አገሪቱ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ብቻ የሚታይ ውጤት ነበር። ቀጥሎ ዝናው መጣ፦ ፊልሙ፣ የማቲውስ መጽሐፍ፣ የፕሬዚዳንቱ ሽልማት፣ ጋዜጠኛ፣ ጎብኚ። ኤስካላንቴን ሆኖ የተጫወተው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ ለኦስካር ታጨ። በዚያው ሰሞን ግን ግራዲያስ ትምህርት ቤቱን ለቀቁ። ተተኪው አስተዳደር እንደ እሳቸው አልሆነም። ባልደረቦቻቸውም አኮረፉ፤ የኤስካላንቴ ክፍል ተማሪ ብዛት ከ50 በላይ ሲደርስ ከ35 እንዳይበልጥ የተዋዋለው የመምህራን ማኅበር ተቃወመ። ማኅበሩን ጨርሶ አጥፊ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። አንዱ መምህር በፈቃዱ 50 ሲያስተምር ሌላው ያለ ፈቃዱ 50 እንዲያስተምር መንገድ ይከፍታል። ኤስካላንቴም ቢሆኑ ለመደራደር የሚመቹ ሰው አልነበሩም። በ1990 የሒሳብ ክፍል ኃላፊነታቸውን አጡ፤ በ1991 ጋርፊልድን ለቀው ወደ ሳክራሜንቶ ሄዱ። ሒሜኔዝም ሄዱ። በ1996 በጋርፊልድ ካልኩለስ ያለፉት ተማሪዎች ከአሥር እምብዛም የማይበልጡ ሆኑ።

ይህን ውድቀት በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንዱ «እሳቸው ሲሄዱ ሁሉም ጠፋ፤ እንዴት ያለ ታላቅ ሰው ነበሩ» የሚለው ነው። ይህ ሙገሳ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትምህርት ቤቱን ከኃላፊነት የሚያወጣ ሰበብ ነው። ታላቁ ሰው ከመምጣታቸው በፊትም፣ ከሄዱ በኋላም የሚጠየቅ አይኖርማ። ሁለተኛው ንባብ የእኔ ነው። ሥራው የተሠራው በሰንሰለት ነበር፦ አልጀብራ የሚያስተምረው፣ ቁልፉን የሚሰጠው ርዕሰ መምህር፣ የበጋው ኮሌጅ፣ ውሉን የሚፈርመው ወላጅ፣ ቤት የምትጠብቀው ሚስት። ከሰንሰለቱ ሦስት ቀለበት ሲወልቅ አራተኛው ብቻውን ሊጎትት አይችልም።

ስለ ቤታቸው ልናገር ብዬ ነበር። ቅዳሜን ለተማሪ የሰጠ አባት ቅዳሜን ከልጆቹ ወስዷል፤ ሌላ የሚመጣበት የለምና። ፊልሙ ይህን ጭንቀት ነክቶታል፤ መታመማቸውንም ያሳያል፤ በፊልሙ የልብ ሕመም የተደረገው በእውነቱ የሐሞት ከረጢት ነበር። እንዲያም ሆኖ ትዳሩ ከ1954 እስከ ሞታቸው ድረስ ከ55 ዓመት በላይ ጸና። ጡረታ ሲወጡ፣ በ2001፣ ወደ ቦሊቪያ ተመለሱ፤ የተመለሱት ግን ወደ ተወለዱባት ላ ፓስ ሳይሆን ወደ ወይዘሮ ፋቢዮላ ከተማ፣ ወደ ኮቻባምባ ነው። እዚያም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውን አልተዉም። በወጣትነታቸው በሚስታቸው ሐሳብ ወደ ሰው አገር የሄዱ፣ በእርጅናቸውም ወደ ሚስታቸው አገር የገቡ ሰው ናቸው። በሕይወት ታሪካቸው ላይ «ለቤተሰቡ አሳቢ» ተብሎ ቢጻፍ ማስረጃው ይኸው ነው እላለሁ።

ከወዳጆቻቸው ጋር ያጋጫቸውን ነገርም መዝለል የለብኝም። በ1997 በካሊፎርኒያ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቀርቶ ልጆች በእንግሊዝኛ ብቻ ይማሩ የሚለውን ዘመቻ ደገፉ። ብዙ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች በዚህ ተቆጥተው የጥላቻ ደብዳቤ ጻፉላቸው። እኔ በዚህ ነጥብ ከእሳቸው ጋር አልስማማም፤ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጀምር የተሻለ እንደሚገባው አምናለሁ። ግን መምህርን የምናከብረው በሁሉም ነገር ስለምንስማማ አይደለም።

በ2010 በካንሰር ታመው ነበር። የሕክምናው ወጪ ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ ተዋናዩ ኦልሞስና የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ገንዘብ አሰባሰቡ። መጋቢት 30 ቀን ሮዝቪል በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ፣ በልጃቸው ቤት አረፉ። ዕድሜያቸው 79 ነበር። አስከሬናቸው ጋርፊልድ ውስጥ ካልኩለስ ባስተማሩበት አዳራሽ ተቀምጦ ተማሪዎቻቸው ተሰናበቷቸው። በ2016 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስላቸውን በቴምብር ላይ አወጣ።

ቴምብሩ መልካም ነው። ደስ የማይለው ታላቅ መምህር ተብሎ መጽሐፍ የተጻፈለት ሰው ለመታከሚያ መዋጮ ማስፈለጉ ነው። በእኛም አገር ጡረታ የወጣ መምህር ሲታመም ተማሪዎቹ በፌስቡክና በቴሌግራም ተጠራርተው ሲያዋጡ እናያለን። እሰየው፤ ግን ስንደርስ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተናል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ በሕይወት ያለ መምህር ታውቃላችሁ። የሕይወት ታሪኩን ቀብሩን ሳትጠብቁ ጻፉለት፤ እሱን ራሱን፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ጠይቃችሁ ጻፉ። ስንት አስተማረ፣ ስንት አሳለፈ፣ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ወደቁበት፣ የትኛው ርዕሰ መምህር ረዳው፣ የትኛው ባልደረባ አብሮት ደከመ፣ በቤቱ ማን ምን ተወለት፤ ሁሉም ከነዓመተ ምሕረቱ ይስፈር። አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ላስተማረበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡ። አሁንም እያስተማረ ያለ ከሆነ ደግሞ በዚህ ሴሚስተር ምን ልርዳህ ብላችሁ ጠይቁት።